የጋሼ መጻሕፍትና የታመቀ አየር

ዛሬ ለቤቱ ትንሽ ኮምፕሬሰር የሚፈልግ ሰው ስልኩን ከፍቶ ዋጋ ያወዳድራል፤ አለዚያም የሚያውቀውን መካኒክ ይዞ ይወጣል። እኔ በገዛሁበት ዘመን ስልካችን ከመደወል ያለፈ አገልግሎት አልነበረውም። ይዤው የወጣሁት ታላቅ ወንድሜን ነው። ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነበር፤ ያን ቀን ለምርጫዬ የጠቀመኝ ግን ከጎማ ሥራው ይልቅ ንባቡ ነው፤ ያውም ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ይረባሃል?» እያለ ይጠይቀው የነበረው ንባብ።

ሱቁ ኮልፌ፣ አስፋልቱ ዳር የቆመች የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ደጃፏ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ አሮጌ ጎማ ተሰቅሏል። ውስጥ ካላማዳሪ የሚፈተሽበት የውሃ ገንዳ፣ ክሪክ፣ የማስቲሽ ጣሳዎችና ባለ ሁለት ሲሊንደር ትልቅ ኮምፕሬሰር አለ። ሞተሩ ሲነሳ ቺንጋው መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ድምፁ ይስተካከላል፤ ቆርቆሮው ግን እስኪጠፋ ድረስ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ግድግዳውን ተደግፈው በተደራረቡት ጎማዎች ሆድ ውስጥ ጋሼ መጻሕፍቱን ያስቀምጥ ነበር፤ ዝናብና ዘይት እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልሎ። ደንበኛ ሲጠፋ እጁን በነዳጅ ይታጠባል፣ በሳሙና ይደግማል፣ ከዚያ አንዱን አውጥቶ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል።

ልብ ወለድም ያነባል፤ የዘመኑን ደራስያን አንድም አያልፍም ነበር። ነፍሱ የምታርፈው ግን ሌላ ሰው በማይነካቸው መጻሕፍት ላይ ነው፤ የመርከብ ቦይለር ጥገና መመሪያ፣ የዋሻ ቁፋሮ ታሪክ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቀው ስለሚሠሩ ሰዎች ሕመም ሐኪሞች የጻፉት መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው ቅጽ ብቻ የቀረ ኢንሳይክሎፒድያ። እንግሊዝኛውን ያወቀው ከእነዚሁ መጻሕፍት ጋር በመታገል ነው። ትምህርቱን ያቋረጠው እኛን ለማሳደግ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላቱን ሲገልጥ ባየሁት ቁጥር ዛሬም ድረስ የማልከፍለው ዕዳ እንዳለብኝ ይሰማኛል።

መጻሕፍቱ የሚገኙት ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነበር፤ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢና መርካቶ። ሻጮቹ ሸራ ያነጥፋሉ፤ ፊት ለፊት ልብ ወለዱንና የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ይደረድራሉ፤ ፈላጊ የሌለው ሁሉ ከኋላ በካርቶን ይቀመጣል። ጋሼ በቀጥታ ወደ ካርቶኑ ነው የሚሄደው። ሻጩም ያውቀዋል፤ «ጋሽዬ፣ የአንተ ዓይነት መጥቶልሃል» ብሎ ይስብለታል። ዋጋው አያከራክርም፣ ሌላ የሚወስደው የለማ። ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች ቤታቸውን ሲያራግፉ፣ መሥሪያ ቤት መጋዘኑን ሲያጸዳ የሚወጣው ወረቀት ማረፊያው እዚያ ካርቶን ውስጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ደግሞ ከሞስኮ የሚመጡ የሳይንስ መጻሕፍት በጣም ርካሽ ነበሩ፤ ጥሩ ወረቀት፣ ጠንካራ ልባስ፣ ጥርት ያለ ሥዕል። ብዙ ሰው በፖለቲካው ምክንያት ከእነ ሳይንሱ ሸሻቸው። ጋሼ አልሸሸም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የያኮቭ ፔረልማንን «አዝናኝ ፊዚክስ» ነበር። መጽሐፉ በሩሲያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ በየዕለቱ የምናያቸውን ነገሮች እያነሳ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ይጠይቃል። ፔረልማን በ1942 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለ በረሃብ ሞተ። ጋሼ ይህን ከሌላ ቦታ አንብቦ ሲነግረኝ፣ የቅርብ ዘመዱን እንዳረዱት ሰው ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ስንቱን ሰው ያስደሰተ ሰውዬ፣ ዳቦ አጥቶ» አለኝ፤ ከዚያ ተነስቶ የተቀመጠ ካላማዳሪ መፋቅ ጀመረ።

ስለ አየር የተጻፈ ነገር ካገኘ አይለቅም። ምክንያቱን ሲነግረኝ፣ ከዕለት እንጀራው በፊት የሚመጣ ትዝታ ነበረው። ተወልደን ያደግነው ጎጃም ገጠር ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ጋሼ ልጅ ሆኖ ወናፍ ያናፋላቸው ነበር። ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ አንዱ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሌላው ሲጫን ይተነፍሳል፤ እጅ ከተፈራረቀ ከሰሉ ያለ ማቋረጥ ይነፋል። ኋላ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ኮምፕሬሰር ሲፈታ ያየው ይህንኑ ነው። እናታችን ወደዚያ ቤት እንዳይሄድ ይከለክሉት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አገር ያውቀዋል፣ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል፤ ይሁንና ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን አልፎም በእኛ መንደር ስድቡ አልቀረም ነበር። ጋሼ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ይቆጣል። እኔም እቆጣለሁ። ማረሻውን ከእሳቸው እየወሰደ ጥላቸውን የሚሸሽ አገር ስንት ብልሃት እንዳባከነ ማን ይቆጥረዋል?

የማግደቡርግን ታሪክ የሰማሁት እዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ኦቶ ፎን ጌሪከ የተባለው የዚያች የጀርመን ከተማ ከንቲባ የአየር ፓምፕ ሠራ፤ በ1654 እ.ኤ.አ. በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ኃይሉን አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለት የመዳብ ክፋይ ሉሎችን ገጥሞ፣ በውስጣቸው ያለውን አየር ስቦ አወጣና በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት ፈረስ አሰረባቸው። ሊለያዩ አልቻሉም። የያዛቸው ነገር ቢኖር ከውጭ የሚጫናቸው ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ስፋታቸው ግማሽ ሜትር ገደማ ለሆነ ሉሎች ጫናው ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ጋሼ ይህን ከተረከ በኋላ ረዳቶቹን ይጠይቃል፦ «አንደኛውን ጎን ግድግዳ ላይ ቢያስሩት ኖሮ ስንት ፈረስ ይበቃቸው ነበር?» ስምንት ነው መልሱ። ግድግዳውም እኩል ይስባልና፣ ሌሎቹ ስምንት ፈረሶች ለተመልካች ዓይን እንጂ ለኃይሉ አልጨመሩም። ይህን በራሱ ያገኘ ልጅ የዚያን ቀን ሻይ በጋሼ ሒሳብ ይጠጣል።

የዋሻውም ታሪክ አለ። ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የሞን ሰኒ የባቡር ዋሻ በ1857 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ቁፋሮው በእጅ ነበር። በእንፋሎት ሞተር ሊቆፍሩ አይችሉም፤ ጭሱ ሠራተኛውን ይፈጀዋል። ዤርሜን ሶሜይየ የተባለው መሐንዲስ አየሩን ከዋሻው ውጭ አምቆ በቧንቧ ወደ ውስጥ ላከው። የታመቀው አየር መሰርሰሪያውን ይመታል፣ ሥራውን ጨርሶ ሲለቀቅ ደግሞ ለሠራተኛው የሚተነፍሰው ንጹሕ አየር ይሆናል። ዋሻው በመስከረም 1871 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ ሶሜይየ ግን ከሁለት ወር በፊት ሞቷል። ፓሪስም ነበረች፤ ከ1866 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ከመሬት በታች በቧንቧ በአየር እየተገፋ ይላክባት ነበር። የአደባባይ ሰዓቶቿንም የታመቀ አየር ያንቀሳቅሳቸው ነበርና፣ በጥር 1910 እ.ኤ.አ. የሴን ወንዝ ሞልቶ አየር የሚያምቀውን ጣቢያ ሲያጥለቀልቀው ሰዓቶቹ ቀጥ አሉ።

ከሐኪሞቹ መጽሐፍ ያገኘው ደግሞ የሚያስፈራ ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚሲሲፒ ወንዝ ድልድይ ከ1867 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. ሲሠራ፣ መሠረቱን የሚቆፍሩት ሰዎች ውሃ እንዳይገባባቸው በታመቀ አየር በተሞላ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሲወጡ መገጣጠሚያቸውን ይይዛቸዋል፤ ከደርዘን በላይ ሰዎች ሞቱ። በግፊት ደም ውስጥ የገባው አየር፣ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ እየሆነ ስለሚወጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን በየእርከኑ እያረፉ የመውጣትን ሥርዓት በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ጋሼ ይህን ካነበበ ወዲህ በሱቁ አንድ ሕግ ጸና፦ የአየር ጎማውን ወደ ሰው ገላ ያዞረ ረዳት የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልብስ ላይ ያለ አቧራ በአየር ማራገፍም ክልክል ነው። በቁስል ወይም በሌላ ቀዳዳ የገባ የታመቀ አየር ሰው ሊገድል ይችላል፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ሲቀልዱበት አያለሁ።

ወደ ግዢው ልምጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንጨት ሥራ ይዞኝ ነበር። ከመሥሪያ ቤት መልስ ግቢዬ ውስጥ ወንበርና መደርደሪያ እሠራለሁ፤ ቫርኒሹን በብሩሽ ስቀባው ግን መስመሩ አይጠፋልኝም። በአየር መርጨት ፈለግሁ፤ የመኪናዬንም ጎማ እቤቴ ብነፋ ደስ ይለኛል። ያኔ መርካቶ በቻይና ዕቃ መሞላት ጀምሯል። ከጋሼ ጋር ከሶማሌ ተራ ተነስተን በተክለሃይማኖት በኩል ያሉትን ሱቆች አዳረስን። ሁሉም ቤት ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ ባለ 24 እና ባለ 50 ሊትር ኮምፕሬሰሮች በር ላይ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ሻጭ የሚለውም አንድ ነው፦ «ፋዘር፣ ኦሪጅናል ነው። ሁለት ፈረስ ነው፣ ስምንት ባር ይነፋል።»

ጋሼ ስለ ፈረስ ጉልበቱ አልጠየቀም። «በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ያወጣል?» አለው አንዱን ወጣት። ልጁ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበለት። «እሱ ፒስተኑ የሚጠርገው ነው፤ በቧንቧው የሚወጣው ከዚያ ያንሳል። ደግሞ ፋብሪካው የለካው በባሕር ጠለል ነው፣ አንተ የምትሸጠው 2,400 ሜትር ላይ ነው።» ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ጋሼ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ አስረዳው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፒስተኑ በአንድ ምት የሚውጠው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ያው ታንክ ለመሙላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ጊዜ ይጨምራል። በባሕር ዳርቻ 8 ባር ለመድረስ አየሩን 9 እጥፍ ማመቅ ይበቃል፤ እዚህ ግን ከ11 እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ጭንቅላቱ ይበልጥ ይግላል፣ የሚያቀዘቅዘውም አየር ስስ ነው። «ስለዚህ ደካማው ማሽን እዚህ ቶሎ ይሞታል» አለው። ልጁ አልተከራከረም፤ ኤሌክትሪኩን ሊሰካ ሄደ።

ይህን ነገር ጋሼ የሚያውቀው ከሁለት በኩል ነበር። መጽሐፉ ስለ ከፍታና ስለ አየር ክብደት ነግሮታል፤ ወደ አሰብ የሚመላለሱ የኤንትሬ ሾፌሮች ደግሞ ጌጃቸው አዲስ አበባና ባሕር ዳርቻ ላይ ለምን የተለያየ እንደሚያነብ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰምቷቸዋል። ሲወርዱ ሙቀቱ የጎማውን ግፊት ይጨምረዋል፤ ከባዱ የውጭ አየር ደግሞ ከጌጁ ንባብ ላይ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሄዱ ሾፌሩ በንባቡ ቢደናገር አይፈረድበትም። እነዚያ ሾፌሮች ወደ ቆርቆሮ ቤቷ የሚመጡት ለጎማ ብቻ አልነበረም፤ ይህን የሚያስረዳቸው ሌላ ሰው ስላልነበረም ነው።

ፈተናው የተጀመረው ማሽኑ ሲነሳ ነው። ጋሼ የእጅ ሰዓቱን እያየ ታንኩ እስኪሞላ ጠበቀ፤ ጎን ለጎን ያለውንም አስነሳና አወዳደረ። ሞተሩ በራሱ ሲጠፋ «ፍስስ» የምትል አጭር ድምፅ መሰማት አለባት፤ ከፒስተኑ እስከ ታንኩ ባለው ቱቦ የቀረው አየር የሚወጣባት ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ ሲመለስ የታመቀ አየር ተጭኖት ነው የሚነሳው፤ ማታ ኤሌክትሪክ ሲደክም ያቃስትና ጥቅሉ ይቃጠላል። ድምፁ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ደግሞ የመመለሻ መከልከያው ቫልቮላ አይዘጋም ማለት ነው። የመጀመሪያው ማሽን ጭራሽ አላለም። ሁለተኛው ማፏጨቱን አላቆመም። ሦስተኛው አጭር ትንፋሽ አውጥቶ ዝም አለ። ጋሼ ጆሮውን አስጠግቶ ጠበቀ፤ ከዚያ ትንሽ አየር ለቅቆ ሞተሩ ሳይቸገር እንደገና ሲነሳ አየ። በመጨረሻ የሴፍቲ ቫልቩን ቀለበት ሳብ አድርጎ አየሩ በኃይል ሲወጣ ፈገግ አለ። «ይህቺን ያመጣልን ድኒ ፓፓን ነው፤ በእንፋሎት ለሚያበስል ድስቱ ብሎ» አለኝ። የፓፓን ድስት የ1679 እ.ኤ.አ. ነገር ነው።

ዘይት የማይፈልገውን ዓይነት እንድወስድ ልጁ ገፋፍቶን ነበር፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ጋሼ አልወደደውም። ጩኸቱ ጎረቤት ያስመርራል፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ዘይት ያለውን ገዛን፤ ነገር ግን የዘይት ጠል ቫርኒሽ ስለሚያበላሽ ዘይትና ውሃ የሚለይ ማጣሪያ፣ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ መርጫ ጋር አስጨመረኝ። ትልቅ መርጫ በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ አየር ስለሚጠጣ የቤት ኮምፕሬሰር አይደርስበትም። ባለ 50 ሊትሩን በታክሲ ጣሪያ ጭነን ገባን። ጥቂት እየረጨሁ፣ ታንኩ እስኪሞላ እየጠበቅሁ የሠራሁት መደርደሪያ ዛሬም ሳሎኔ ውስጥ ነው። ብርሃን በጎን ሲመታው አንድ የብሩሽ መስመር አይታይበትም።

ጋሼ ካረፈ በኋላ የጎማ ዕቃዎቹን የቀድሞ ረዳቱ ወሰደ፤ በደንብ ይሠራባቸዋል። መጻሕፍቱ ሊሸጡ ሲሉ እኔ ወሰድኳቸው። ከመደርደሪያው ሁለት እርከን ሞልተዋል። ኅዳጋቸው ላይ በእርሳስ የጻፋቸው ስሌቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ገጾች ላይ የማስቲሽ ጠብታ ደርቋል። የልጅ ልጆቻችን ገልጠው ሲጠይቁኝ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። መጽሐፍ ሻጮቹን ዛሬም እጎበኛለሁ፤ ካርቶኑን አሳዩኝ እላለሁ። ወጣት አንባቢ ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ የተጻፈውን ብቻ አንስቶ ሲሄድ ሳይ አዝናለሁ። ጋሼ ገንዘብ ያገኘው ስለ ገንዘብ ከተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። ሾፌሩ ሌላ ጎሚስታ አልፎ ወደ እሱ የሚመጣው፣ የሚሠራውን ነገር ከእነ ምክንያቱ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ኮምፕሬሰር ቤታችሁ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር አድርጉ። ከታንኩ ሆድ ሥር ትንሽ መክፈቻ አለች። አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ እዚያ ይጠራቀማል፤ በክረምት በተለይ ይበዛል፣ ካልወጣ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ግን ቀለሙ አዲስ ነው። ባለ 50 ሊትር ታንክ በ8 ባር የሚይዘው ጉልበት 50 ኪሎ ዕቃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ግፊቱን ቀንሱ፣ መክፈቻዋን አላሉና የሻይ ቀለም ያለውን ውሃ ጠብታ እስኪያልቅ አፍስሱ። የዛገ ወይም ያፈተለከ ታንክ ካላችሁ አታስበይዱት፤ ዳግም አየር እንዳይሞላ በስታችሁ ለቁራሌው ስጡት።